የጋሼ ባዶ ሰልባትዮ

ወረታ ውስጥ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና አለች። ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ጣራዋ ደረቴ ጋ አይደርስም። የፊት መብራቶቿ ሲጠፉ ኮፈኑ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲበሩ ብድግ ይላሉ፤ የግራው ብድግ ማለት ካቆመ ግን ቆይቷል። የሰፈሩ ልጆች «እንቁራሪቷ» ይሏታል። ክረምቱን ግማሽ ውሃ ውስጥ ለሚያሳልፍ የፎገራ ልጅ፣ ዝቅ ብሎ ተኝቶ ዓይኑን ብቻ የሚያወጣ ነገር ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

የመኪናዋ ባለቤት አከራዬ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሥራቸው አንዱ ምስክር ማስማል ነበር። በሥራ ዘመናቸው ሰው እጁን አንስቶ፣ ምሎ፣ ወዲያው ሲዋሽ ሲያዩ ስለኖሩ እሳቸው አይዋሹም። «የኔን ድርሻ ሌሎች ጨርሰውታል» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለማመስገን አይደለም። ለመኪናዋ ብልሽት ምክንያት ስለሆነ ነው።

መኪናዋን የገዟት ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር፣ ባሕር ዳር፣ በሐራጅ ነው። ከሳቸው በቀር ዋጋ የሰጠ አልነበረም። ሌሎቹ ተጫራቾች ዞር ዞር ብለው አይተዋት፣ አንዱ «በጉ በየት ይገባል?» ብሎ ጠይቆ፣ መልስ የሚሰጠው ስላጣ ተያይዘው ሄዱ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት አንድ ጊዜ ዞረው አይተው «ሌላው በር የት አለ?» አሉ። እንደሌለ ሲነገራቸው ወደ ማድቤት ተመለሱ።

ችግሩ የጀመረው ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ያለ ምንም ማንገራገር ትነሳለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳች በኋላ ግን ትን እንዳለው ሰው ትንገጫገጫለች፣ ኃይል ታጣለች፣ ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ብቻቸውን ከይፋግ ሲመለሱ መኪናዋ ሜዳው መካከል ጠፋችባቸው። ዛፍ የሌለበት ቦታ ነው። ያለው ጥላ የመኪናዋ ጥላ ብቻ ነበር፤ እሱም አጭር ስለሆነ መቀመጥ አይበቃም፣ መተኛት ያስፈልጋል። ጋሼ ነጠላቸውን አንጥፈው ከመኪናዋ ጎን ተጋደሙና እንቅልፍ ወሰዳቸው። በአውቶቡስ የሚያልፉ ሰዎች ደግሞ መንገድ ዳር በቀይ መኪና አጠገብ የተዘረጋ ሽማግሌ አዩ። ስልክ ተደወለ። ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው አባቱ በመኪና አደጋ መሞታቸውን የሰማው እሳቸው ገና ሳይነቁ ነው።

ልጁ አመሻሽ ላይ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ እያለቀሰ ግቢ ሲገባ ጋሼ እራት እየበሉ ነበር። እኔም አብሬ እየበላሁ ነበር። ባልደረቦቹ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ቀርበው በሉ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ እያለቀስኩ ነው የመጣሁ!» አለ ልጁ።

«ሰማሁህ። ጎረቤትም ሰምቶሃል።»

«ይቺን መኪና እሸጣታለሁ። ገዢ አለኝ።»

«ማን ሽጥ አለህ?»

«ሌላ ቀን ፀሐይ ላይ ወድቀው በእውነት ቢቀሩስ? ማነው የሚጠየቅ?»

«የሞተ ሰው አይጠየቅም» አሉ ጋሼ።

«የምጠየቀው እኔ ነኝ! ‹አባቱን በብረት ቆርቆሮ አስገደለ› የምባለው እኔ ነኝ!»

እትዬ «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ለእንግዶቹ ወጥ ጨመሩ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ ልጁ እንዲህ አለ፦ «እሺ፣ ስምምነት እናድርግ። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ አይሱዙ ተከራይቼ እመጣለሁ። እርስዎ ይነዳሉ፣ እኔ አብሬ እቀመጣለሁ፤ አዲስ ዘመን ደርሰን እንመለሳለን። መንገድ ላይ ከጠፋች ጭኛት እሄዳለሁ። ካልጠፋች ሁለተኛ ስለሷ ቃል አይወጣኝም።»

ጋሼ እጃቸውን ታጥበው፣ አደራርቀው «ይሁን» አሉ። ጋሼ «ይሁን» ካሉ ነገሩ ተመዝግቧል ማለት ነው። ያ ቀን ሐሙስ ነበር። የቀረን አሥር ቀን ነው።

«የቀረን» ያልኩት በማግስቱ ራሴን ስለጨመርኩ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አዲስ ደብተር ገዛሁና ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፦ ምልክት፣ ግምት፣ ፈተና፣ ውጤት። ከዚያ ለጋሼ አስረዳኋቸው። ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ አየር፣ ነዳጅና በጊዜው የሚመጣ የእሳት ብልጭታ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይጠፋል። ሥራችን የጎደለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

«ገባኝ» አሉ ጋሼ። «ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ዳኛ። አንዱ ከቀረ ቀጠሮ ይለወጣል።»

የመኪናዋን ሁኔታ ከፊት እስከ ኋላ መዝግቤ ጀመርኩ። የግራ መብራት፣ አይነሳም። የሾፌሩ መስኮት፣ በእጅ ተደግፎ ይወጣል። የነዳጅ መለኪያ፣ መርፌው ባዶ ላይ ተጣብቋል፣ አይሠራም። የጎማ ሁኔታ፣ ደህና። ይህን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይቼ ነው የጻፍኩት።

አየሩን መጀመሪያ አየን። ማጣሪያው ውስጥ የሩዝ ገለባ ነበር፤ አራገፍነው፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ብልጭታውን የሚፈጥሩትን አራቱን ካንዴላ ቀየርን፤ ለውጥ የለም። የነዳጁን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ስንፈታው እንደ ገብስ ጠላ የጠቆረ ነገር ወጣው። ደስ አለኝ። አዲስ ገዝተን ገጠምን፤ መኪናዋ ከሃያ ደቂቃ ይልቅ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ጠፋች። ውጤት በሚለው ዓምድ «መሻሻል አለ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «በዚህ አያያዝ አዲስ ዘመን ስንት ወር ይፈጅብናል?» አሉ።

ጥርጣሬው ሁለት ላይ ቆመ። አንዱ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ነው፤ ሁለተኛው ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ሁለቱም ሲግሉ የሚደክሙና ሲቀዘቅዙ የሚድኑ ስለሆኑ ከውጭ ምልክታቸው አንድ ነው። ለመለየት መኪናዋ ትኩስ ሆና እንደጠፋች ወዲያው፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ብልጭታ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ እንድትጠፋ መጠበቅ አለብን። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ጋሼና እኔ እንድትበላሽ እየተመኘን ነዳን። ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚያስገባው መንገድ አካባቢ ምኞታችን ደረሰ።

ዘልዬ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። አንድ ካንዴላ ፈትቼ፣ ከሽቦው ጋር አገናኝቼ፣ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፌ በፒንሳ ያዝኩ። «‹አሁን› ስል ቁልፉን ያዞሩታል» አልኳቸው። ከብቶቹን ከሜዳ የሚመልስ ገበሬ ቆሞ ያየን ጀመር።

«መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ትምህርቱ በመስክ ሆነ?» አለ።

«አሁን ይመልከቱ፣ ይህ ካንዴላ...» ብዬ ማስረዳት ስጀምር ጋሼ «አሁን» የሚለውን ቃል ሰምተው ቁልፉን አዞሩት። ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ አለ። እኔም ጠሽ አልኩ። ፒንሳው እጀታው ላይ የተላጠ ቦታ እንደነበረው በደብተሩ አልተመዘገበም ነበር።

«ምነው፣ ነከሰህ?» አለ ገበሬው።

«ብልጭታ አለ» አልኩ። ክንዴ እስኪረጋ ጠብቄ ጻፍኩት።

ቦቢናው ነጻ ወጣ። የቀረው ፓምፑ ነው። እንደነዚህ ባሉ መኪኖች ፓምፑ የሚገኘው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ መካኒኮች ሰልባትዮ በሚሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እንደ ንብ ዝዝዝ ማለት አለበት። በሙቀቱ ሰዓት ጆሮዬን የኋላ ወንበሩ ላይ ደግፌ ጋሼ ቁልፉን ሲከፍቱ የሰማሁት አንድ ማቃሰት ብቻ ነው፤ ከዚያ ዝም። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አስፈቅጄ ባመጣሁት የኤሌክትሪክ መለኪያ ሽቦውን ለካሁት። ኤሌክትሪኩ ሙሉውን ይደርሰዋል። ደመወዙ እየደረሰው ሥራ የማይገባ ሠራተኛ ማለት ነው።

ረቡዕ ሄጄ መካኒኩን አመጣሁት። ሥራው በመሠረቱ የመኪና አይደለም፤ የሩዝ መፈልፈያ፣ ባጃጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገበሬዎች በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት የሚያጠጡባቸውን ሞተሮች ይጠግናል። ወረታ ውስጥ ስለ ፓምፕ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪናዋን ሲያያት ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቺን ለማየት እኮ መንበርከክ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ የሰላት ሰዓቴ ገና ነው።»

«ሥራህን ሥራ» አሉ ጋሼ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ደብተሬን አሳየሁት። አገላበጠና «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ባትሪውን ፈታ። መስኮቶቹን አስከፈተ። በግቢው ክብሪት የሚጭር ሰው እንደማይኖር እትዬን አስጠነቀቀ፤ የከሰል ምድጃው ወደ ጓሮ ተወሰደ። የኋላ ወንበሩን አወጣ፣ ምንጣፉን ገለጠ፤ ከሥር እንደ ድስት ክዳን ያለ ክብ ብረት በትናንሽ ብሎኖች ታስሮ ተገኘ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ እየፈታ በቅደም ተከተል ክብ አድርጎ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ይህን በጣም ወደድኩለት።

ፓምፑን ሲያወጣው የቤንዚን ሽታ ግቢውን ሞላው። ጡጫ የሚያህል ሲሊንደር ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ካልሲ ያለ ማጣሪያ አለው። ካልሲው ጭቃ ይዟል። መካኒኩ ግን ካልሲውን አላየም። የብረቱን ወገብ በጣቱ እያሻሸ ቆየ። ከላይ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩም ጠርዙ ላይ ቀልጧል። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ ሰልባትዮውን አየ።

«ይሄ ደርቆ ነው የተቃጠለ» አለ። «ጋሼ፣ ስንት ሊትር ነው የሚይዙባት?»

«ሁለት» አሉ ጋሼ።

«ሁለት ምን? ሁለት ሊትር?»

«ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አለኝ። በሷ ነው የምገዛ። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ።»

መካኒኩ ቀና አለ። «እንዴ ጋሼ! ይህ ፓምፕ እኮ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖር። ሲሠራ ይግላል፤ የሚያበርደው ያ የተነከረበት ቤንዚን ነው። እርስዎ ያለ ውሃ አስነሱት ማለት ነው። አንድ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው እንኳ ወንዙ ሳይደርስ ሞተሩን አያስነሳም! መምህር፣ መለኪያውን አላየህም?»

መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መርፌው ሁልጊዜ ባዶ ላይ ስለነበረ «አይሠራም» ብዬ በሰማያዊ ጽፌያለሁ። ይሠራ ነበር። በግቢው ውስጥ በትክክል ሲሠራ የኖረ ብቸኛ መሣሪያ እሱ ነበር።

«ወረፋው አስቸግሮዎት ነው?» አለ መካኒኩ። እውነትም በዚያ ሰሞን ቤንዚን ለመቅዳት በየማደያው ረጅም ሰልፍ ነበር። መልሱ እዚያው ነበረ፤ ጋሼ «አዎ» ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

«ወረፋ አይደለም» አሉ። «ሰው ነው።»

«ምን ሰው?»

«ሰው መኪና ያለው ሰው ሲያይ ዝም አይልም። አንዱ ይፋግ ገበያ አድርሰኝ ይላል። አንዱ ጣራ ገዳም ልሳለም ይላል። አንዱ ሙሽራ፣ አንዱ በሽተኛ። አራት ሰው ለምትይዝ መኪና ሰባት ሆነው ይመጣሉ። ‹ቤንዚን የለኝም› ካልኩ ይሄዳሉ። ቤንዚን እያለ ግን ‹የለም› ማለት አልችልም። ስለዚህ እንዳይኖር አደረግሁ።»

እትዬ ምድጃውን ለማየት ከሄዱበት ጓሮ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የእህቴ ባል የሞተ ጊዜስ?» አሉ።

ጋሼ የተቃጠለውን ፓምፕ አንስተው አገላበጡት።

«ይፋግ ለለቅሶ ስሄድ ‹ቤንዚን የለም› ብለኸኛል። በጤፍ ከረጢት ላይ ተቀምጬ በአይሱዙ ነው የሄድኩ! ነጠላዬ በነፋስ ሄዶ ሰው ነው ሮጦ ያመጣልኝ! ሆን ብለህ ነው?»

«ላንቺ ብቻ ብዬ ብነሳ አምስት ሰው ይገባ ነበር። የዚያን ዕለት በእውነት የለም ነበር።»

«አንተ እንዳይኖር አድርገህ!»

«አዎ» አሉ ጋሼ።

እትዬ ገቡ። እስከ ቅዳሜ ማታ ጋሼን ያነጋገሯቸው በኔ በኩል ነው። «ለጋሼህ ምሳ ቀርቧል በላቸው» ይላሉ፣ ጋሼ በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጠው እያሉ። እኔም እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ ትምህርት እንዳለቀ አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ጠቅልዬ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሽታው ሚኒባሱን ስላወከው ረዳቱ ፌስታሉን ጣራ ላይ አሰረው። መለዋወጫ ሻጩ የመኪናዋን ዓይነት ስነግረው እንዲህ ያለች መኪና ወደ አገር ገብታ እንደማታውቅ ነገረኝ። መግባቷን በቀላሉ ማረጋገጥ እንደሚቻል አስረዳሁት። አላመነም፤ ግን መካኒኩ በወረቀት የጻፈልኝን ሦስት ነገር አነበበ፦ ውፍረቱ፣ የግፊት ኃይሉ፣ የሚገናኝበት ሽቦ። በየከተማው ከሞሉት ትናንሽ የቤት መኪኖች የአንዱ ፓምፕ በሦስቱም ገጠመ። ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ የማይሟሟ ጎማ ቱቦም ጨምሬ ገዛሁ፤ ተራው ቱቦ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ እንደሚበጠስ መካኒኩ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ገጠምነው። የቀረው ክዳኑን መዝጋት ብቻ ነበር፤ እሱ ግን እንቢ አለ። በክዳኑ ሥር የሚቀመጠው የጎማ ቀለበት፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ስንት ዓመት ቤንዚን ሲጠጣ ኖሮ ሲወጣ አብጧል። ከመቀመጫው ሁለት ጣት ይተርፋል። ተስፋ ቆርጬ ተመልሼ ባሕር ዳር ልሂድ ስል መካኒኩ ያዘኝ። ቀለበቱን ቆርቆሮ ጣራው ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣው። «የጠጣውን ይተፋል» አለ። ከእህል ጋር የተሰጣ መስሎት አንድ ቁራ ሁለት ጊዜ መጥቶ አየው፤ እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወርድ ቀለበቱ ልክ ሆኖ ነበር። ክዳኑ ተዘጋ፣ ባትሪው ታሰረ፣ ጋሼ ቁልፉን ከፈቱ። ዝዝዝ።

መካኒኩ ዕቃውን እየሰበሰበ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከግማሽ በታች ካወረዷት እኔን አይጥሩኝ» አለ። ጋሼ ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ወደ ማደያ ነድተው ሄደው፣ ተሰልፈው፣ እስከ አፏ አስሞልተው አመሻሽ ላይ ተመለሱ። የመለኪያው መርፌ ሄዶ ሄዶ በሌላኛው ጫፍ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፍ መኖሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁ በአይሱዙ መጣ። ሾፌሩ መኪናዋን ሲያይ «በቃ ይቺው ናት? በእጅ ልንጭናት እንችል ነበር» አለና ጋቢና ውስጥ ተኛ። ጋሼ መሪው ላይ ተቀመጡ። ልጁ ከፊት ሊገባ በሩን ሲከፍት እትዬ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ወጡ።

«ወደ ኋላ» አሉት።

«እማዬ፣ ይህ እኮ ፈተና ነው እንጂ ጥየቃ አይደለም።»

«ስንመለስ እህቴ ቤት እንቆማለን። ለጋሼህ ንገራቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ልጁና እኔ ከኋላ ገባን። የኋላ ወንበሩ ለሰው የተሠራ አይመስለኝም። ጉልበታችን ጆሯችን አጠገብ ሆኖ ሃያኛውን ደቂቃ በሰዓቴ ጠበቅሁ። አለፈ። ሃያ አምስተኛው አለፈ። ከታች በኩል ፓምፑ ዝዝዝ እያለ ነው። አዲስ ዘመን ስንደርስ ልጁ ወርዶ እግሩን አፍታታና «ገና ግማሹ ነው» አለ።

ስንመለስ ይፋግ ላይ የእትዬ እህት ቤት ቆምን። ጋሼ ሞተሩን እንዳጠፉ እህትየው ወጡ፤ ሰላምታው ሳያልቅ የጎረቤታቸው አሮጊትም በዱላ ተደግፈው መጡ። ሰኞ ጠዋት ወረታ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አላቸው።

«የኔ ጌታ፣ ቤንዚን ይኖርህ ይሆን?» አሉ አሮጊቷ።

ጋሼ መለኪያውን አዩ። እትዬም ጋሼን አዩ።

«ሙሉ ነው» አሉ ጋሼ።

እህትየውና አሮጊቷ ከኋላ ገቡ። የገብስ ከረጢትም ገባ።

«እኔስ?» አለ ልጁ። «እኔ እኮ ፈታኙ ነኝ!»

«ፈታኝ በሚኒባስ ይመጣል» አሉት እናቱ።

ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ አይነሳም። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ከተነሳን በኋላ እሱ በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኝ መስኮት፣ መንገድ ዳሩን እያየን ተጓዝን። ሜዳው መካከል ሩቅ ላይ ቀይ ነገር ታየ፤ ልጁ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ስንደርስ ሽንኩርት የተጫነበት ጋሪ ላይ የለበሰ ቀይ ሸራ ነው። ልጁ እጁን አነሳና ላቡን ጠረገ። «ያን ዕለት ሲደወልልኝ እስክሪብቶ ይዤ ነበር» አለኝ። «እጄ ውስጥ እንዳለ ሰበርኩት።» ለአንድ ጊዜ ምንም አላስረዳሁም።

ግቢ ስንገባ መኪናዋ ቦታዋ ላይ ቆማለች። ሴቶቹ ውሃ እየጠጡ ነው። ልጁ በቀጥታ ወደ አባቱ ሄደ።

«አባዬ፣ ከይፋግ እስከዚህ መንገድ ላይ ጠፋች?»

«አዎ» አሉ ጋሼ። «አንድ ጊዜ።»

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ኧረ ተው! ማን አየህ? ማን ጠየቀህ?» ከረቡዕ ጀምሮ በቀጥታ ሲያነጋግሯቸው ያየሁት ቅዳሜ ማታ «መብራቱን አጥፋው» ሲሉና አሁን ነው።

«እሱ ነዋ የጠየቀኝ።»

ልጁ ወደ በሩ፣ ወደ አይሱዙው ዞረ። ከዚያ ተመለሰ። «እንዴት ጠፋች?»

«ይፋግ መውጫ ላይ በጎች ገቡብን። ቆምሁ። ስነሳ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁት። እግሬ ነው። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሳች።»

ልጁ ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ ይሄ ይቆጠራል?»

«ሞተር የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው» ብዬ ጀመርኩ። «አንደኛው ከነዳጅ፣ ከአየርና ከብልጭታ አንዱ ሲጎድል ነው። ሁለተኛው...»

«ባጭሩ!»

«አይቆጠርም።»

ጋሼ የልጃቸውን ፊት እያዩ ቆመው ነበር። ለራሳቸው አንድም ቃል አልጨመሩም። ልጁ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ሾፌሩ ተቀስቅሶ ሲጨቃጨቅ ሰማን፤ ባዶውን ወደ ባሕር ዳር እንደማይመለስ፣ ቢያንስ ሩዝ የሚጭን ሰው ይፈለግልኝ እያለ ነው። ልጁ ተመልሶ አባቱን ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናበተ። ስለ መኪናዋ ቃል አልወጣውም። ከአይሱዙው ሞተር ድምፅ በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል ጋሼ የመኪናዋን በር ከፍተው ተቀመጡ፤ የትም አልሄዱም፤ እንዲሁ ተቀመጡ።

ሰኞ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የግቢው በር ተንኳኳ። ይፋግ ላይ የተባለው «ሙሉ ነው» ወረታ ለመድረስ አንድ ሌሊት በቅቶታል። ስወጣ እኛ ግቢ ያደሩት ባለ ዱላዋ አሮጊት ለጤና ጣቢያቸው ተዘጋጅተዋል፤ ከሳቸው ሌላ የዕድሩ ዳኛ ከነባለቤታቸው፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ጎረቤትና የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጋሼ ቁልፉን ይዘው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ።

«መምህር፣ ስንት ሰው ትይዛለች ብለህ ነው የጻፍህ?» አሉኝ።

«ከሾፌሩ ጋር አራት።»

«እንግዲህ አስረዳቸው።»

ክብደት ሲበዛ የኋላ ጎማዎቹ ምን እንደሚሆኑ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከመንገዱ ጉብታ ጋር እንዴት እንደሚጋጭ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በትሕትና አዳመጡኝ። ስጨርስ ልጅ ካዘለችው ጎረቤት በቀር ሁሉም ገብተው ነበር፤ እሷም አንዱን ሰውዬ ጉልበቱን እንዲያጥፍላት እየለመነችው ነው። መኪናዋ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጋሼ ቁልፉን ከፈቱ፤ ሁለት ሰከንድ ጠበቁ፤ አስነሱና ወጡ።